ከለሚ አፋፍ ወደ ጀማ የሚወርደው አፈር



ለሚ የጀማን ሸለቆ ከአፋፍ የምትመለከት ከተማ ናት። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቆላታል። የድንጋይ ካባ በተከፈተበት ሁሉ የተራቆተ አፈር በክረምት ጎርፍ ይታጠባል፤ ከታረሰው ተዳፋትም አፈሩ ማዳበሪያውን ይዞ ይወርዳል። የደፈረሰ ውሃ ብርሃን አያሳልፍም፤ ደለሉም የዓሣን መተንፈሻ ይደፍናል፥ እንቁላሉን ይቀብራል። ጀማም የተሸከመውን ለዓባይ ያስረክባል።

እንግዲህ የመሐንዲስ ድርሻ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይና የደለል ማስቀሪያ ኩሬ ከቁፋሮው አስቀድሞ መሥራት፥ የውሃውንም ድፍርስነት ከካባው በላይና በታች ዘወትር መለካት ነው። የላይኛው ልኬት ከሌለ ገበሬው ፋብሪካውን፥ ፋብሪካው ገበሬውን ሲከስ ይኖራል፤ ዕዳውን ግን ከታች የሚቀዳው ሰው ይከፍላል።