ለየቲም የልጅ ልጆቻችን ኑዛዜ እንጻፍ

(በወሎ ሰፈር ለለጋሾችና ለቤተሰቦች ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። አልሐምዱ ሊላህ፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን። 

ለየቲሞች የምትሰጡትን ሶደቃ አላህ ይቀበላችሁ። ዛሬ የማነሳው በየቤታችን ስላሉት የቲሞች ነው። አባታቸው ሞቶ በአያታቸው እጅ የሚያድጉ ልጆች አሉ። አያትየው እስካሉ ድረስ አይራቡም። እርሳቸው ሲሞቱስ? በሸሪዓ የውርስ ሥርዓት ሟቹ በሕይወት ያለ ወንድ ልጅ ካላቸው የልጅ ልጆቻቸው አይወርሱም። አጎቶቻቸው ሲካፈሉ የቲሞቹ ቆመው ያያሉ።

አላህ (ሱ.ወ) ግን ለዚህ በር ከፍቷል፤ እርሱም ወሲያ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ እስከ ሲሶ ፈቅደው፣ ሲሶም ቢሆን ብዙ መሆኑን አስገንዝበዋል። ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በቀር ለወራሽ አይናዘዙም። የታገደው የልጅ ልጅ ግን ወራሽ ስላልሆነ ወሲያ ይገባዋል። ግብፅ በ1946 (እ.ኤ.አ) ባወጣችው ሕግ፣ አያት ሳይናዘዝ ቢሞት እንኳ ይህን ድርሻ ግዴታ አድርጋዋለች። በእኛ ዘንድ ግን ለአያት ኅሊና የተተወ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ አባት ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ወልደዋል፤ አንዱ ወንድ ልጆች ትቶ ሞቷል። የአባትየው ወላጆችና ባለቤታቸው ቀድመው አልፈዋል። የቀብር ወጪና ዕዳ ተከፍሎ 2,100,000 ብር ቀረ እንበል። ሲሶው 700,000 ብር ነው። ለየቲሞቹ 600,000 ብር ቢናዘዙ ከቀሪው ለሁለቱ ወንዶች 600,000፣ 600,000፣ ለሴቷ 300,000 ብር ይደርሳል። ሟቹ ልጅ በሕይወት ቢኖር ኖሮ የሁሉም ድርሻ ይኸው ነበር። እንግዲህ ማን ተጎዳ?

ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ቢኬድ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የልጅ ልጆች በአባታቸው ቦታ ተተክተው ይወርሳሉ። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ደግሞ የሚዳኙት ተከራካሪዎች ሲስማሙ ነው። አጎት ወደ አንዱ፣ የወንድም ልጅ ወደ ሌላው ሲጎትት ዝምድና ይቆረጣል። ይህ ከመሆኑ በፊት አያት ይናገሩ።

አነጋገራቸውም በጽሑፍ ይሁን። ኑዛዜው በእርሳቸውና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበብ፤ መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ላይ ይገለጽ፤ ሁሉም ይፈርሙ። ምስክሮቹ ከኑዛዜው የማይጠቀሙ ይሁኑ። ያልተከፈለ መህርን ጨምሮ ዕዳችሁን ሁሉ አስፍሩ፤ ዕዳ ከወሲያ ይቀድማልና። የቀበሌ ቤት ግን የመንግሥት ንብረት በመሆኑ በኑዛዜ አይሰጥም።

አጎቶች ሆይ! አባታችሁን ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ወረቀቱንና ብዕሩን እናንተው አቅርቡላቸው። አላህ የየቲምን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።