የሕፃኑ የክረምት ገንፎ በጥር ይታሰባል



ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። ከስድስት ወር ወዲያ ግን ጡት ብቻውን አይበቃውም፤ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እየጠባ፣ ወፈር ያለ ገንፎ፣ ዕንቁላል፣ ወተት፣ ዱባና ጎመን ማግኘት አለበት። ይህንንማ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ በጥርና በየካቲት የምታደርጉትም አላችሁ። ሐምሌ ሲመጣ ግን ነገሩ ይቀራል። ለምን ይቀራል? እናቲቱ ረስታው አይደለም። ጎተራው ጎድሏል፤ አረም ስታርም ውላ ጨልሞ ስትመለስ እህሉ አልተቆላም፣ አልተፈጨም፣ እንጨቱም እርጥብ ነው። ልጁ ያለቅሳል። ያን ጊዜ ያገኘችውን ቀጭን አጥሚት ትሰጠዋለች። ውሃ የበዛበት አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ሰውነት አይሠራም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የቀረ ዕድገት ደግሞ በኋላ ለመመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ የሐምሌው ገንፎ መታሰብ ያለበት በጥር፣ እህሉ ከአውድማ ሲገባ ነው። ለዘር የሚሆነውን ለይታችሁ ታስቀምጡ የለም እንዴ? እሱን ማንም ደፍሮ አይነካውም። የሕፃኑም እህል እንደዚሁ በራሱ ዕቃ ይለይ። ምን ያህል? ትሉ ይሆናል። ሂሳቡ ቀላል ነው። የልጁ ገንፎ በቀን ሁለት ሲኒ ዱቄት ቢፈጅ በወር 60 ሲኒ ይሆናል። ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ከአምስቱ የጳጉሜን ቀኖች ጋር 95 ቀን ናቸው፤ ይኸውም 190 ሲኒ ማለት ነው። ልጁ እያደገ ስለሚሄድ ትንሽ ጨመር አድርጉበት። ሦስት እጁ ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ ወይም ማሽላ፣ አንድ እጁ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ አተር ወይም ምስር ይሁን። ጥራጥሬው ተቆልቶ ይከካ፣ ገለባውም ይውጣለት። ሁሉን ባንድ ጊዜ አትፍጩት፤ ዱቄት ሲቆይ ይበላሻል። እህሉን በደረቁ አኑሩትና የሁለት ሳምንት የሁለት ሳምንቱን እያስፈጫችሁ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

አባቶች ሆይ፣ ይህ የሴት ጉዳይ ነው ብላችሁ ዞር አትበሉ። እህሉ የሚሸጠው በእናንተ ቃል ነው። ከዶሮዎቹም አንዷ የልጁ ትባል፤ ዕንቁላሏ ገበያ አይውጣ። ዕንቁላል ሸጦ ለልጅ ብስኩት የሚገዛ ሰው አለ፤ እኔ በበኩሌ ከዚህ የከፋ ንግድ አላየሁም።

ጾም ሲገባም እንደዚሁ ነው። ሕፃን አይጾምም፤ ይህንን ካህናቱም ያውቁታል። ችግሩ ድስቱ ነው። የጾሙን ድስት ዕንቁላልና ወተት እንዳይነካው ሲባል ልጁም 55ቱን ቀን ሁዳዴን አብሮ ይጾማል። ከቅበላ በፊት ለልጁ የራሱን ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለዩለት፤ ነገሩ ያልቃል።

ደግሞም በጥንቃቄ የተለየውን እህል ያልታጠበ እጅ ከነካው ልጁን ተቅማጥ ይይዘውና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ገንፎው ከመሠራቱና ልጁ ከመብላቱ በፊት እጃችሁን በሳሙና፣ ሳሙና ቢታጣ በአመድ ታጠቡ፤ የልጁንም እጅ እጠቡለት። ያደረ ገንፎ አይሰጠው።

እንግዲህ ሲኒ ይዛችሁ የመጣችሁ ወደዚህ ቀረብ በሉ፤ የየልጃችሁን አሁኑኑ እንለካለን።