የዓርብ እረፍትና አማናችን



በአገራችን በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ የምሳ እረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው። ለጁሙዓ ሶላት ይበቃናል። የተፈቀደልን ሰዓት ነውና ልንሳቀቅበት አይገባም። በግል ድርጅት የምንቀጠር ደግሞ፣ ሕጉ መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ቢወስንም፣ የዓርቡን እረፍት ውል ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ፤ በጽሑፍም እናስይዝ።

ሆኖም 7፡30 ሞልቶ፣ ከገጠር የመጡ እናት ቢሯችን በር ላይ ቆመው ሲጠብቁን እኛ መስጊድ ደጃፍ ወሬ ብንይዝ፣ የበላነው የእርሳቸውን ሐቅ ነው። አላህ በሱረቱል ጁሙዓ ከሶላቱ በኋላ ተበትነን ችሮታውን እንድንፈልግ አዞናል። ወደ ሥራ በሰዓቱ መመለሳችንም ከዚሁ ነው።

አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን።