ስለ አክስታችን የተነገረ ቃል

(በአርባቸው ዕለት ለእድርተኛው በጸሐፊው የተነገረ)



ዛሬ የተሰበሰብነው የእኅታችንን አርባ ለማሰብ ነው። ስማቸው ከፎቶግራፋቸው በታች በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተጽፏል። በሠፈሩ ግን ከትንሽ እስከ ትልቅ «አክስቴ» ነበር የምንላቸው።

በመጀመሪያ ለእናታቸው ምን ዓይነት ልጅ እንደነበሩ እንናገር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እርሳቸው ተማሪ ነበሩ። ማታ ማታ እናታቸውን አስቀምጠው ፊደል አስቆጠሩ። በመዝገባችን እናትየው መጀመሪያ በጣታቸው፣ ኋላ ግን ስማቸውን ጽፈው የፈረሙበት ገጽ አለ። ይዘነው መጥተናል፣ ማየት የፈለገ ይመልከት።

እኒሁ እናት ሸምግለው አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ያገላበጡ፣ ያጠቡ፣ ያጎረሱ እርሳቸው ናቸው። በዚያው መዝገብ ላይ ሌላ ገጽም አለ። በዚያን ጊዜ ሁለት ቀብር ቀርተዋል ብለን መቀጫ ጽፈንባቸዋል። ከፈሉ። ለምን ቀሩ ብለን አልጠየቅንም፤ እርሳቸውም እናቴን ማን ይይዝልኛል አላሉም።

እኅታቸው ሦስት ልጆች ትተው ሲሞቱ ልጆቹን ወደ ቤታቸው አመጡ። ትልቁ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፣ ትንሿ ገና ጡት አልጣለችም። በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ በመሸጥ አሳደጓቸው፣ አስተማሯቸው። ለራሳቸው ትዳር ሳይሉ ቀሩ።

ለእኛም ቢሆን እንዲሁ ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ስብሰባ ሲከለከል፣ ድንኳን መትከል ቀርቶ ሐዘንተኛው ብቻውን ሲቀመጥ፣ አክስታችን ምግቡን በአገልግል ይዘው ከበሩ ላይ ያስቀምጡና ራቅ ብለው ቆመው «አይዟችሁ» ብለው ይመለሱ ነበር።

እንግዲህ አሁን የምንናገረው የራሳችንን ጥፋት ነው። ባረፉ ዕለት ትልቁ ልጅ ሊያስታውቀን ሲመጣ «ለሟች ምናቸው ነህ?» ብለን ጠየቅነው። «ልጃቸው ነኝ» አለ። መዝገቡን ገልጠን «ልጅ የላቸውም» አልነው። በደንባችን ገንዘብ የሚረከበው ባል ወይም ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ነው። ስለዚህ ድንኳኑንና ወንበሩን ሰጥተን፣ ገንዘቡን ግን ወንድማቸው ከሞያሌ እስኪደርሱ አቆየነው። እኛ ዘንድ ገንዘብ ተቀምጦ ሳለ ልጆቹ የሬሣ ሣጥን መግዣ ተበደሩ።

ወንድምየው በሠልስቱ ደረሱ። «እኔንም ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናታቸውን ለመቅበር የተበደሩ ልጆች እያሉ እኔን ምን አስጠበቃችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ገንዘቡ ለልጆቹ ተሰጥቷል፣ ብድሩም ተከፍሏል። ያ ቀን ግን ተመልሶ አይመጣም። ስለሆነም ያሳደጉትና ያደጉት እንደ ወላጅና እንደ ልጅ ተቆጥረው በመዝገባችን እንዲገቡ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሐሳብ እናቀርባለን። በየቤታችሁ የእኅት ልጅ፣ የወንድም ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ የምታሳድጉ ብዙዎች ናችሁ። እባካችሁ መጥታችሁ ስማቸውን አስመዝግቡ፤ ነገ ዛሬ አትበሉ።

የሁለቱን ቀብር መቀጫም ለልጆቹ መልሰናል። ጥቂት ብር ነው፣ ነገር ግን የእኛ አልነበረም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማር። ለወንድማቸውና ለሦስቱ ልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን።