የደም ምርመራ ወረቀታችሁ ምን ይላል?

(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ከኩፓት ሖሊም ስለሚሰጣችሁ የደም ምርመራ ውጤት ነው። በኡልፓን «ሒዩቪ» መልካም፣ «ሽሊሊ» መጥፎ ማለት እንደሆነ ትማራላችሁ። በዚህ ወረቀት ላይ ግን ሒዩቪ «የተፈለገው ነገር ተገኝቷል»፣ ሽሊሊ ደግሞ «አልተገኘም» ማለት ብቻ ነው። የተፈለገው ምን እንደሆነ ካልጠየቃችሁ ጤነኛው ሊያለቅስ፣ የታመመውም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል።

በሄፓታይተስ ቢ ልጀምር። በአገራችን የወፍ በሽታ ከምንላቸው አንዱ ነው፤ ነገር ግን ዓይንን ቢጫ ሳያደርግ ለብዙ ዓመታት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ሊኖር ይችላል። ምርመራው ሦስት ነው። አንደኛው የቫይረሱን ሽፋን ይፈልጋል፤ ሒዩቪ ከሆነ ቫይረሱ በደማችሁ ውስጥ አለ። ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ሥር ሰዷልና የሐኪም ክትትል ያስፈልጋል፤ የሚቆጣጠረው መድኃኒትም አለ። ሁለተኛው ሰውነታችሁ ያበጀውን መከላከያ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ በቁጥር ይጻፋል፤ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ በክትባት ወይም በሽታው ይዞ ስለለቀቃችሁ መከላከያ አላችሁ። ሦስተኛው ቫይረሱ በሕይወታችሁ አንድ ጊዜ አግኝቷችሁ እንደሆነ ይናገራል። ሦስቱም ሽሊሊ ከሆኑ በሽታውም መከላከያውም የላችሁምና ክትባት ጠይቁ።

እርጉዝ የሆናችሁ እኅቶች ይህን ምርመራ አትለፉት። እናቲቱ ቫይረሱ ካለባት ሕፃኑ በተወለደ በ12 ሰዓት ውስጥ ክትባትና ተጨማሪ መርፌ ሊሰጠው ይገባል። በዚህ አገር ከ1992 ጀምሮ ሕፃናት ሁሉ ይህን ክትባት ይከተባሉ።

በሄፓታይተስ ሲ የመጀመሪያው ሒዩቪ በሽታው አሁን አለ ማለት አይደለም። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ሁለተኛ ምርመራ ይደረጋል። ከተገኘ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር የሚዋጥ ኪኒን ከመቶ ሰው ከ95 በላይ የሚሆነውን ያድናል።

በኤች አይ ቪም የመጀመሪያው ሒዩቪ በሌላ ምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ የመጨረሻ ቃል አይደለም። በቅርቡ የተያዘ ሰው ደግሞ ሽሊሊ ሊወጣለት ስለሚችል ከ45 ቀን በኋላ እንደገና ይመርመር። ቫይረሱ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የማይታይ ከሆነና እንዲሁ ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም፤ እናትም ጤነኛ ልጅ መውለድ ትችላለች። በአንድ ገበታ በመብላት፣ በቡና ሲኒ ወይም ጉንጭ በመሳሳም አይተላለፍም። ይህን የምለው ዘመድን ከገበታ የሚያርቅ ሰው ዛሬም ስላለ ነው።

«ደማችንን ምን ሊያደርጉት ነው?» የሚል ጥርጣሬ እንዳለ አውቃለሁ፤ ምክንያትም አለው። በጥር 1996 ወገኖቻችን የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ይጣል እንደነበር በጋዜጣ ወጣ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ኢየሩሳሌም ወጥተው ጮኹ። ቁጣው ተገቢ ነበር። ይህኛው ብልቃጥ ግን ለሌላ ሰው የሚሰጥ ሳይሆን ለእናንተው ጤና የሚመረመር ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ ሐኪሙ እንዲያስረዳችሁና ምስጢራችሁን እንዲጠብቅ ያስገድደዋል።

ዕብራይስጥ ቶሎ የሚለምዱት ልጆች ናቸውና እነሱን ይዞ መሄድ ይቀላል። ለዚህ ወረቀት ግን ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን በሽታ ለእናቱ መንገር የለበትም። በአማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ወይም የስልክ አገልግሎት እንዲፈልጉላችሁ ጠይቁ።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ። በጉባኤ ፊት መናገር የከበደው ሰው ወረቀቱን ይዞ በኋላ ለብቻዬ ያግኘኝ።