ከልጓሙ በስተኋላ

አንደኛዋ አቅራቢ፦ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ ሁላችንም የምናየው ጌጡን ነው። የፈረሱን አፍስ ማን አየው?

ሁለተኛው አቅራቢ፦ እውነትሽን ነው። የፈረስ መንጋጋ ጥርስ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይወጣል፤ ሲያላምጥም ይፋቃል። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ስለሚሰፋ ግን እኩል አያልቅም። የላዩ በጉንጭ፣ የታቹ በምላስ በኩል እየሾለ ያቆስለዋል።

አንደኛዋ አቅራቢ፦ ያን ጊዜ ነው ሣሩን አላምጦ አላምጦ፣ ድብልብል አድርጎ የሚተፋው። ልጓሙን ሲስቡት ራሱን ይወረውራል፤ ባለቤቱም «አመለኛ ሆነ» ብሎ ይገርፈዋል። በሕመም ላይ ጅራፍ! ይኼ አንጀቴን ይበላዋል።

ሁለተኛው አቅራቢ፦ የእንስሳት ሐኪም አፉን ከፍቶ ሹሉን በሞረድ ያስተካክልለታል፤ ቢያንስ በዓመት አንዴ መታየት አለበት።

አንደኛዋ አቅራቢ፦ ባለጋሪዎች፣ ዛሬ ማታ ፋንድያውን እዩልኝ። ያልተላመጠ ገብስ ከበዛበት ሐኪም ጥሩለት።