የሸፔ ላሞች

በብዙ አገር ከአውራ ጣት የማይበልጡ ምስሎችን በቀጭን ብሩሽ ቀለም መቀባት የሚወደድ የትርፍ ጊዜ ጥበብ ነው፤ ውድድርም አለው።

እኔ ግን ትንሽ ምስል ሲባል ሸፔን አስባለሁ። ከዲላ ብዙ ሳይርቅ፣ ቋጥኝ ላይ ሃምሳ ያህል ከብቶች ተቀርጸው ይታያሉ። ከእውነተኛው ከብት በጣም ያነሱ ናቸው። ጭንቅላታቸው ትንሽ፣ ቀንዳቸው ረጅም፣ ግታቸው ጎልቶ የወጣ፤ ሻኛ ደግሞ የላቸውም። ቀራጩ ሁሉንም ላሳይ አላለም። ምናልባት ወተቱን አስቦ ግቱን አጎላው፣ ሌላውን ተወው። በትንሽ ምስል ላይ ትልቁ ችሎታ ይህ ይመስለኛል፦ ምን እንደሚተው ማወቅ።

በዚያው በጌዴኦ ሰው የተቀረጸባቸው የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮችም አሉን። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ወላጆች፣ መምህራን፦ በዚህ ቅዳሜ ልጆቹ ከሸክላ አፈር ትንሽ ላም ይሥሩ። በደንብ ትድረቅ። ቀለሙን አቅጥነው ደጋግመው ይቀቡ፤ ሆዷ ሥር ጠቆር፣ ጀርባዋ ላይ ፈካ ይበል። ሸፔ ስትወስዷቸው ግን ቋጥኙን በእጃቸው እንዳይነኩ አደራ።